የዳመናው ኬላ

ልጅ ሳለሁ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ያለው ቤታችን ሁለት መኝታ ክፍሎች ነበሩት፤ አንዱ እርጥብ፣ አንዱ ደረቅ። እርጥቡ ወደ ፉሪ ተራራ ስለሚያይ የክረምቱ ዝናብ በቀጥታ እየመጣ ግድግዳውን ይገርፈው ነበር። ደረቁ በሕንጻው ጀርባ በኩል ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፣ መስኮቱ ላይ የተሰጣ ልብስም ቶሎ ይደርቃል። እዚያ የምትተኛው የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ነበረች። የእናቴ አባት አባባ ይመር ዓይናቸውን ሊታከሙ ከባቲ ሲመጡ ከእኔ ጋር እርጥቡ ክፍል ተሰጣቸው፤ አባቴ የሚያድረው ሳሎን ነበር።

እናቴ ያኔ አረብ አገር ስለነበረች ቤቱን የምታዝበት እትዬ አስካለ ናት። መንዝ፣ ብርድ ውስጥ ነው ያደገችው። ብርዱን ግን ለሌላ ሰው መተው ታውቅበታለች።

መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ ሳሎን ውስጥ የከሰል ምድጃውን ከበን እንቀመጣለን። ሻማው ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል፣ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል። አባባ ይመር በጉልምስናቸው ወደ አፋር በረሃ እህል እያወረዱ፣ ጨው እያወጡ የነገዱ ሰው ናቸው፤ ተረታቸውም ከዚያው መንገድ የተለቀመ ነበር። «ተረት ተረት» ሲሉ እንደ ሌላው ልጅ «የላም በረት» ብዬ መመለስ አለብኝ። እሳቸው ግን «የግመል በረት» እንድል ነው የሚፈልጉት።

«ላሟ ለደገኛ ትሁን፤ እኛ ግመላችን ይበቃናል» ይሉኛል እየሳቁ።

እትዬ አስካለ ፍሙን እየቆሰቆሰች «አንቺ ልጅ፣ የላም በረት በይ! እዚህ ቤት ግመል አልገባም» ትላለች።

እኔ ዓይን አፋር ስለነበርኩ የመጀመሪያውን ቃል ዋጥ አድርጌ «...በረት» ብቻ እያልኩ አልፈው ነበር።

ክረምቱ ሲገፋ አባባን የያዛቸው ሳል ባሰባቸው። ግድግዳችን ሻገተ፤ ብርድ ልብሳችን ሳይቀር ረጠበ። ሐኪሙም ሳሉ ሳይለቃቸው ዓይናቸውን እንደማይነካ ነገራቸው። ያን ቀን ክፍል እንድትቀይራቸው እትዬ አስካለን ጠየቋት።

«የቆላ ሙቀት ጠግበው አይደል እንዴ የመጡት፣ አቶ ይመር?» አለቻቸው።

አባቴ እህቱን ስለሚፈራ ስልኩን መነካካቱን ቀጠለ።

ማታ መብራት ጠፋ። አባባ «ተረት ተረት» አሉ፤ መልሴን ሳይጠብቁም ጀመሩ።

«አንድ ዳመና ነበር። ከሩቅ ባሕር ውሃ ጭኖ ሲመጣ ተራራ መንገዱን ዘግቶ ቆየው። ተራራው ለካ ኬላ ነው። ‹ከነጭነትህ ሽቅብ አትወጣም፣ አራግፍ!› አለው። ዳመናው አራገፈ። ተራራው ጠጣ፣ ገብሱን አበቀለ፣ በጎቹን አጠገበ። ዳመናው ባዶ ስልቻውን ይዞ ማዶ ሲወርድ በረሃው አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ‹ምን ይዘህልኝ መጣህ?› ቢለው፣ ‹ንፋስ› አለው።»

ከሰሉ ተንጣጣ። እትዬ አስካለ ገብቷታል።

«ታዲያ ተራራው ምን ያድርግ? ተነስቶ ይሂድላችሁ?»

«ተነሺ ያለሽ የለም» አሉ አባባ ሳል እየተናነቃቸው። «ጠጋ በይ ነው።»

«ተረት ነው ስድብ ይሄ?» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «እስቲ አንቺ ተናገሪ፣ የምን በረት ነው?»

የሻማው ብርሃን ፊቷን ከታች ወደ ላይ ያበራዋል።

«የግመል በረት» አልኩ።

«እንግዲያው ከግመልሽ ጋር ሻጋታሽን ታቀፊ!» ብላ ክፍሏ ገባች፤ በሩንም ከውስጥ ቆለፈችው።

በማግሥቱ አባባ ጓዛቸውን ሸከፉ። «ባቲ ወርጄ ደረቴን ላድርቅና እመለሳለሁ» አሉኝ። አልተመለሱም።

ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ሳጠና መምህራችን ስለ ዝናብ ጥላ አስተማረን። እርጥብ አየር ተራራ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናቡን ያወርዳል፤ ማዶ ሲወርድ ደግሞ ይሞቃል፣ ይደርቃል። ሌሎቹ ሲጽፉ እኔን የከሰል ጭስ ሸተተኝ።

በዚያው ዓመት እረፍት ወደ ባቲ ሄድኩ። ኮምቦልቻ ላይ የለበስኩትን ሹራብ ቁልቁለቱን ሳንጨርስ አወለቅሁት። አባባ በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ፊቴን በእጃቸው ዳስሰው ነው የለዩኝ።

«ደጋው ላይ ዳመና አለ?» አሉኝ።

«አለ፣ አባባ። ጠቁሯል።»

«ወዲህ ይመጣል?»

ትንሽ አየሁት። «አይመስለኝም።»

«ኬላው ላይ ነዋ» አሉ።

ተራራ በረሃን አይጠላም፤ የቆመበት ቦታ ነው እንጂ ክፋት የለውም። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። እትዬ አስካለ ግን እንደ ተራራው ዝም ብላ የቆመች አልነበረችም፤ ቁልፍ ነበራት። ዛሬም የምተኛው እርጥቡ ክፍል ውስጥ ነው። ዝናቡ ከፉሪ በኩል ሲመጣ ግድግዳውን በእጄ እዳስሰዋለሁ፤ ከሌላው ግድግዳ ወዲያ ደግሞ እትዬ አስካለ ደረቁ አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ ይሰማኛል። ከዚያች ማታ ወዲህ «ደህና እደሪ» ብያት አላውቅም።