ላብ እስኪደርቅ

ሞጣ፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ በኩል ሳልፍ አንዲት ልጅ ሩጫዋን ጨርሳ ሣሩ ላይ ተዘረረች። የላብና የእርጥብ ሣር ሽታ ወደ ልጅነቴ ቢቸና መለሰኝ።

እኔም እንዲያ ወድቄ ነበር። የድሮ ጉግስ ተጫዋቹ አያቴ ፈረስ ፈረስ የሚሸት ጋቢያቸውን አለበሱኝ።

«ተነሽ፣ የኔ ልጅ። ፈረስ እንኳ ከግልቢያ መልስ ላቡ እስኪደርቅ ቀስ ብሎ ይንሸራሸራል እንጂ ወዲያው አይታሰርም። ነገ እግርሽ ይከዳሻል።»

«አባባ፣ ሰው ይስቅብኛል!»

«ይሳቅ። ሳቅ ጅማት አያስርም።»

ጓደኞቼ እየሳቁ፣ እሳቸው በሚያነክስ እግራቸው እያዘገሙ፣ ሜዳውን ዞርን።

አያቴ የተቀበሩ ዕለት ለቀስተኛው «ተቀመጪ» ቢለኝ፣ ያን ጋቢ ለብሼ ግቢውን ስዞር ዋልኩ።

ልጅቷ አሁንም አልተነሣችም። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩ።