በክርክሩ ቦታ የጠጣሁት ውሃ

ዳኛ ሆኜ ቆቦ በተመደብሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ደጋ ነው ያደግሁት፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ላብ የሚያስጠርግ አገር አላውቅም ነበር። ቆቦ በመጀመሪያው ሳምንት ልኬን አሳወቀችኝ፤ የችሎት ካባዬን ለብሼ ሁለት መዝገብ ሳልሰማ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር።

ሌላው ቶሎ የገባኝ ነገር፣ በዚያ ቆላ የመሬት ክርክር በወረቀት ብቻ እንደማይፈረድ ነው። ገበሬው ሁሉ የይዞታ ደብተር አለው። ደብተሩ ላይ በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን እከሌ ተብሎ አዋሳኙ ተጽፏል። ታዲያ እከሌ ይሞታል፣ መንገዱም ይታረሳል። የራያ ወንዝማ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ተኝቶ ይከርምና ከተራራው ጎርፍ የወረደ ቀን ደስ ባለው በኩል ይሄዳል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ቤቱ የክርክሩን ቦታ በአካል እንዲያይ ትእዛዝ እሰጥ ነበር። ባልደረቦቼ «ዳኛ ነሽ ወይስ ቀያሽ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ልብ ካላየ ዓይን አያይም ቢባልም፣ ዓይንም ቦታው ድረስ መሄድ አለበት ባይ ነኝ።

ከሳሿ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ነበሩ። ማሽላ የሚዘሩባት አራት ጥማድ መሬት አለቻቸው። አንድ ክረምት ጎርፉ መሐሏን ሰንጥቆ አለፈና ሁለቱን ጥማድ ከወንዙ ማዶ አስቀረባቸው። የማዶው ጎረቤታቸው በዓመቱ በሬውን ጠምዶ አረሰው። ችሎት ቀርቦ የተናገረው አጭር ነበር።

«የእሷ ደብተር በምሥራቅ ወንዝ ነው የሚለው። ወንዙም ያውላችሁ።»

ደብተሩን ገልጬ አየሁ። እውነቱን ነው፣ ወንዝ ይላል።

ለቦታ ምልከታ ስወጣ የማልጥሰው ደንብ ነበረኝ። ከአንድ ወገን ጋር ብቻ አልሳፈርም፤ ከማንም ተከራካሪ ቤት እህል ውሃ አልቀምስም። ስለዚህ ያን ቀን ጸሐፊው ከሾፌሩ ጎን፣ እኔ ከኋላ በከሳሽና በተከሳሽ መሐል ሆነን በአንዲት ባጃጅ ታጭቀን ሄድን። መንገዱ ባነጠረን ቁጥር ሁለቱ ባላንጣዎች ለመደገፍ እጃቸውን ይሰዱና እኔን ይይዛሉ። መዝገቡን ጭኔ ላይ አድርጌ ሳቄን ዋጥሁት።

ማሽላው ሊታጨድ የተቃረበበት ጊዜ ነው። አዲሱን ወንዝ አሸዋውን እየረገጥን ተሻገርን። ሴትዮዋ ከማሳው ወዲያ ጫፍ በመስመር የቆሙ የቁርቁራ ዛፎች አሳዩኝ።

«የድሮው ወንዝ እዚያ ሥር ነበር። ወላሂ፣ ውሃ ሲወርድ የልጆቼን ልብስ ያጠብሁበት ነው።»

«ቁርቁራ እንደሆነ የትም ይበቅላል» አለ ጎረቤትየው።

 ሴትዮዋ ዶማ አንስተው ከዛፎቹ ግርጌ መቆፈር ጀመሩ። ጸሐፊው ሊቀበላቸው ቢል አልሰጡትም። ጉልበት ያህል እንደወረዱ ቡናማው ደለል አለቀና ነጭ አሸዋና ድቡልቡል ጠጠር ወጣ፤ ወንዝ አንከባሎ ያለሰለሰው ጠጠር። ከዚያ ሃያ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብተን አስቆፈርሁ፤ ጥቁር አፈር እንጂ አንድም ጠጠር የለም። ደብተሩ የሚለው ወንዝ ይኸው ነው። ማሳው የእሳቸው ነበር።  ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ጸሐፊውን «ጻፍ! ሁሉንም ጻፍ!» አልሁት።

ወደ ባጃጇ ስንመለስ መንገዱ በሴትዮዋ ደጅ ያልፋል። የያዝሁት ውሃ ካለቀ ቆይቷል፤ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ሴትዮዋ ገቡና በጣሳ ውሃ ይዘው ወጡ።

«እማማ፣ ይቅርታ፤ ሕጉ አይፈቅድልኝም።»

ፊታቸው ተለወጠ። ጣሳውን ወደ ደረታቸው ሲመልሱት ውሃው በጣታቸው ላይ ፈሰሰ።

«ፈረድሽብኝ እንዴ ልጄ? እኛ አገር ውሃ የሚመለሰው ደም ያለበት ቤት ነው።»

ማስረዳት እችል ነበር። «ልፍረድልዎት ብዬ ነው የማልጠጣው» ማለት እንኳ አይፈቀድልኝም እንጂ ሌላ የምለው አላጣም። ግን ውሃው ሩቅ ተሂዶ የተቀዳ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሴትዮዋ እውነተኛ መሆናቸውንም አሁን በዓይኔ አይቻለሁ። ጎረቤትየው ከኋላዬ ቆሞ «ይጠጡ እንጂ ክብርት ዳኛ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው» አለኝ። ለስላሳ አነጋገር ነበር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ጣሳውን ተቀብዬ ጠጣሁ።

በሦስተኛው ቀን የጎረቤትየው አቤቱታ ገባ። «ዳኛዋ ከከሳሽ ቤት ውሃ ጠጥተዋል። ከሳሽም ‹ልጄ› ስትላቸው ሰምቻለሁ።» አንድ የውሸት ቃል አልነበረበትም። አለቃችን ቢሮው ጠርቶ አፋጠጠኝ።

«ጠጥተሻል?»

«ጠጥቻለሁ።»

«ከንፈርሽን አስነክተሽ መለስሽ ወይስ ጨረስሽው?»

«ጨረስሁት።»

ሳቀ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና መዝገቡን ወደ ሌላ ዳኛ መራው። በእኔ እጅ የተመዘገበው የቦታ ምልከታም አብሮ ውድቅ ሆነ። ጠጠሩ፣ አሸዋው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ሁሉም እኔ ዓይን ውስጥ ቀረ። ተተኪው ዳኛ ቦታው ድረስ መሄድ አላስፈለገውም። ደብተሩ ግልጽ ነው፣ ወንዝ ይላል ብሎ ለጎረቤትየው ፈረደ። ይግባኝ ይበሉ ብዬ በሰው እንዳልልክ ሌላ ጥፋት ሆነብኝ፤ ሴትዮዋም ወልድያ ድረስ የሚመላለሱበት ጉልበት አልነበራቸውም። በጎረቤትየው ተናድጃለሁ፣ በዚያ ዳኛም ተናድጃለሁ። በራሴ ላይ ያደረብኝ ንዴት ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

ከዓመታት በኋላ፣ ዳኝነቱን ትቼ ለሌላ ጉዳይ ጎብዬ ወርጄ ሳለሁ፣ ገበያ ዳር አገኘኋቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ትንሽ ጀሪካን አለች። ሰላም ካልኋቸው በኋላ ለስንት ጊዜ ለብቻዬ ስለማመደው የኖርሁትን ንግግር ጀመርሁ።

«እማማ፣ ያን ቀን ያንን ውሃ ባልጠጣው ኖሮ...»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ያው ጎረቤቴ ራሱ ነገረኝ።»

 እሳቸው ጀሪካኗን ከፍተው በክዳኗ ሳይሆን በጣሳ ሞልተው ቀዱና ዘረጉልኝ። አሁን አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም።

«ጠጪ ልጄ። አሁንማ የምከራከርበት የለኝም፤ ማንም አይከስሽም።»

ያን ቀን አልጠማኝም ነበር። ተቀብዬ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።