ላንጋኖ የሰመጠው ቁልፍ

ባለፈው እሁድ ወንድሜ ከማል ሴት ልጁን ዳረ። ምሳ ተበልቶ ሻይ እየዞረ ሳለ ጨዋታው ወደ ድሮ ሄደና ከማል እንደ ልማዱ መሃል ቤት ቆሞ የላንጋኖን ነገር አነሳ። ወንድሜ የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነው፤ ወሬ አያልቅበትም፤ ሲያወራ ደግሞ እጁም እግሩም አብሮ ያወራል። ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። መጨረሻው ላይ ግን «ከዚያ ጠለቅሁና ቁልፉን ይዤ ወጣሁ» ሲል የሻይ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

አላህ ያሳያችሁ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ታሪክ፣ ያውም እኔው እዚያው ቁጭ ብዬ እየሰማሁ። ሰርጉ ላይ የሆነውን ወደ ኋላ አወጋችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ነገሩን እንደነበረ ልንገራችሁ።

አባታችን ጎሚስታ ነበር። ከፒያሳ ወደ አትክልት ተራ በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችው። ደጃፏ ላይ ጎማ ተቆልሏል፤ ውስጧ ደግሞ ለሁለት ከተቆረጠ በርሜል አንደኛው ግማሽ ውሃ ተሞልቶ ተቀምጧል። የተነፈሰ ጎማ ሲመጣለት ውስጠኛውን ላስቲክ፣ ከመነዳሪውን፣ ያወጣና ነፍቶ በርሜሉ ውስጥ ይነክረዋል፤ የተበሳው ቦታ አረፋ ያወጣል። ይህንን ማንም ጎሚስታ ያደርገዋል። አባዬ ግን አካሄድ ነበረው። ንፋስ ከሚሞላበት አፍ ይጀምርና በጣት በጣት እያዞረ፣ አንድም ቦታ ሳይዘል፣ ተመልሶ እዚያው የጀመረበት አፍ ላይ ይደርሳል። ካላገኘው እንደገና ከአፉ ይጀምራል። ደንበኛ ቆሞ ቢነጫነጭ፣ የዓለምን ስድብ ቢያወርድበት አይቸኩልም ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ውዬ የማመሸው እዚያ ነው። ከማል ኳስ እንጂ ጎማ አይወድም። እኔ ደግሞ ያቺን በርሜል እንዴት እንደምወዳት። በጣም ትንሽ ቀዳዳ ስትሆን አረፋዋ ለዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ፊቴን ውሃው ውስጥ እነክርና ከንፈሬን ወደ ላስቲኩ አስጠጋለሁ፤ ንፋሷ ከንፈሬን ስትኮረኩረኝ «ይቺውት» ብዬ በጣቴ እይዛታለሁ። እንዲህ እንዲህ ስል ትንፋሼን ይዤ መቆየቱን ሳላስበው ተማርኩት። አባዬ ሥራ ሲፈታ ጎኔ ቆሞ ይቆጥርልኛል። እማዬ ግን ሹሩባዬ ረጥቦ፣ ጎማ ጎማ እየሸተትኩ ስገባ የምትለውን አትጠይቁኝ።

ላንጋኖ የሄድንበት ዓመት ክረምቱ ከፍቶብን ነበር። ነሐሴ ገብቷል፤ ዶሮ ማነቂያ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ያልፋል፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት ተሰጥቶ አይደርቅም፤ ጣሪያችን በሦስት ቦታ ያፈሳል። ታዲያ አንድ ቀን ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ የእህል ነጋዴ፣ የአባዬ የረጅም ጊዜ ደንበኛ፣ ልጆቹ በብርድ ተኮራምተን ሱቁ ውስጥ ሲያዩን አዘኑልን። ፒካፕ መኪናቸውን ለአንድ እሁድ ሊሰጡት፣ እሱም ወስዶ ፀሐይ ሊያሳየን ተስማሙ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ እህል ሊጭኑባት ስለሚወጡ እሁድ ከመግሪብ በፊት ደጃቸው መድረስ አለባት። ቁልፏ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላኛው ከጠፋ ቆይቷል። አባዬ «በቃሌ፣ ሐጂ» አለና ቁልፉን ተቀበለ። ከከመነዳሪ ቀድዶ ላስቲክ አበጀለትና አንገቱ ላይ አጠለቀው። ሌሊቱንም ከነቁልፉ ተኛ።

ከቤታችን ሐይቅ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። እማዬ ክረምት ሁሉም አገር ክረምት ነው ብላ ሹራብ በሹራብ ላይ አለበሰችን፤ ጋቢ ጫነች፤ ጃንጥላ ጫነች፤ ከሰል ሳይቀር ጫነች። ጭኮና ሳምቡሳ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ። አባዬ ደግሞ ራሱ የለጠፋቸውን ሦስት ከመነዳሪዎች ነፍቶ ከኋላ አሰረ። ደብረ ዘይትን፣ ሞጆን በካፊያ አለፍን። መቂ ስንደርስ ሰማዩ ተገለጠና ሙቀቱ መጣ። እኔና ከማል አንድ አንድ ሹራብ እያወለቅን ዝዋይ ስንገባ በሹራብ ክምር ላይ ነበር የተቀመጥነው። ዝዋይ ላይ ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተገዛልን፤ እሾሁን እየለቀምን፣ ጣታችንን እየላስን ላንጋኖ ደረስን።

ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል። የግራር ጥላ፣ ትኩስ አሸዋ፣ ከዚያ ወዲያ ማዶው በሩቁ የሚታይ ውሃ። ጫማዬን ወርውሬ ልሮጥ ስል እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በእሷ ቤት ልጅነት ያበቃበት ዕድሜ ነው። በረጠበ ቀሚስ ሰው ፊት አትወጪም፣ እግርሽን ብቻ ንከሪ አለችኝ። ከማል ከመነዳሪውን ተሸክሞ እየጮኸ ሲገባ እኔ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ በንዴት አለቀስኩ። ከቤቱ ሁሉ ውሃ የሚወድ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አባዬ አንዴ አየኝና ዓይኑን መለሰ። ያኔ በጣም ተቀየምኩት።

እሱ ራሱ ውሃ ይፈራ ነበር። ከመነዳሪው እንዳይወስደው ብሎ በገመድ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ አሰረው፤ ድንጋዩን ውሃው ደረቱ ጋ የሚደርስበት ቦታ አስቀመጠና ሱሪውን እንደጠቀለለ ከመነዳሪው ላይ ተንፈላሰሰ። ወደ እማዬ ዞሮ የፒያሳ ሰው አሁን ቢያየኝ እያለ ይኩራራል። ከማል በኋላው ቀስ ብሎ መጣና ገለበጠው።

አባዬ ጠልቆ፣ ጠጥቶ፣ እያሳለ ቆመ። ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ቁልፉ የለም።

ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ቢዘገይ ቢዘገይ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መነሳት አለብን። ከማል ደጋግሞ ጠለቀ፤ ዋና ይችላል፣ ግን ትንፋሽ የለውም፤ ገብቶ ሳይጨርስ እያሳለ ይወጣል፣ እንደ ቅራሪ የደፈረሰውን ውሃ በእግሩ ያምሰዋል። በመጨረሻ አባዬ «ውጣ፣ አትርገጠው፣ ጭቃ ውስጥ ትቀብረዋለህ» አለውና ሁለቱም ወጡ። ሽቦ አገናኝቶ መኪና የሚያስነሳ ሰው በአካባቢው የለም፤ አባዬ የሚያውቀው ጎማ ነው። አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ሐጂን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ተነስቼ ፊቱ ቆምኩ። «አባዬ፣ እኔ ልግባ። ድንጋዩ አፉ ይሁን። ከእሱ ጀምሬ እዞራለሁ፣ አልዘልም።»

ምን ማለቴ እንደሆነ ገባው። ዞሮ እማዬን አያት። እማዬ ውሃውን አየች፣ መኪናዋን አየች፣ እሱን አየችው። ከዚያ ሻሿን ፈታችና ቀሚሴን ከጉልበቴ በላይ ሰብስባ ወገቤ ላይ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ጠፍራ አሰረችው።

«ግቢ» አለችኝ። «ገመዱን ግን እንዳትለቂ።»

ውሃው ከላይ ለብ ያለ፣ ከታች ቀዝቃዛ ነበር። ገመዱን ይዤ ወረድኩ፤ ድንጋዩን አገኘሁት። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ቢከፈትም አያይም። ግራ እጄ ገመዱ ላይ፣ ቀኝ እጄ ጭቃው ላይ፣ ስንዝር በስንዝር ዞርኩ። የእንጨት ስብርባሪ፣ ቀንድ አውጣ፣ ምንነቱን ማወቅ ያልፈለግሁት የሚያሙለጨልጭ ነገር። ዞሬ ስጨርስ ወጥቼ ተነፈስኩ፤ ገመዱን አንድ ስንዝር ለቀቅ አድርጌ እንደገና ወረድኩ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። በወጣሁ ቁጥር አባዬ ዳር ቆሞ ጮክ ብሎ ሲቆጥር እሰማለሁ፣ ልክ እንደ ሱቁ።

አምስተኛው ዙር ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ትንፋሼ አለቀ። ደረቴ ተቃጠለ። ብወጣ የደረስኩበት ይጠፋኛል፤ የቀረችውን ልዝለላት የሚል ሐሳብም መጣብኝ። አልዘለልኳትም። አንድ ስንዝር፣ ሌላ አንድ ስንዝር፣ እና ጣቴ አንድ ቀለበት ውስጥ ገባ። ላስቲክ ነው። የከመነዳሪ ላስቲክ በእንቅልፍ ልቤም ቢሆን አይጠፋኝም።

እጄን ቀና አድርጌ ወጣሁ። ያ ውሃ የሚፈራ ሰው ሱሪው ከነጥቅሉ፣ ውሃው ደረቱ እስኪደርስ ሮጦ ገባና አነሳኝ። ከማል ዳር ላይ እንደ እብድ ይዘላል። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ግራሩ ላይ የነበሩ ወፎች ሁሉ ተነሱ። ስወጣ ቀሚሴን ላዬ ላይ እንዳለ በሁለት እጇ ያዘችና አንዴ አጥብቃ ጨመቀችው። ከዚያ ለቀቀችው።

«አንዴ ከረጠብሽ ምን ቀረሽ» አለች። «ሂጂ ግቢ፣ ዋኚ።»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልወጣሁም። ትልቁ ከመነዳሪ የእኔ ሆነ፤ ከማልም ለቅጣቱ ገፊዬ ሆነ። እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበት ቀን ብዙ የለኝም፤ ተድሬያለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ግን ብዙ የለኝም። ስንመለስ መኪናዋን በቁልፉ ያስነሳሁት እኔ ነኝ፤ አባዬ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦኝ። የሐጂ ሸምሱ ደጅ ስንደርስ አዛን አላለም ነበር። ሐጂም «ላንጋኖ እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁት። አባዬ «ውሃው ደኅና ነው፣ ሐጂ፣ እርስዎም ልጆቹን ይውሰዷቸው» ብሎ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጣቸው። ላስቲኩን ግን ለእኔ አስቀርቶልኝ ነበር።

አባዬ ካረፈ ቆየ። ሱቋም የለችም፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ሰፊ የእግረኛ መንገድና አበባ ነው የማየው፤ በርሜሏ የነበረችበትን ቦታ እንኳ በግምት ነው። ቤታችን ሊፈርስ ሰፈሩ ሁሉ ወረቀት ፍለጋ ሲራወጥ የእኛን ካርታ ያገኘሁት ከበሩ ጀምሬ ወደ በሩ በመዞር ነው። ከአባቴ የወረስኩት ይህን ነው፤ አልከሰርኩም።

እና ሰርጉ። ከማል «ይዤ ወጣሁ» ሲል ሰው አጨበጨበ። የልጁ ቀን ነው ብዬ ልውጠው ነበር። እማዬ ጥግ ላይ ሶፋው ውስጥ ተቀብራ ተቀምጣለች፤ ሰማንያውን አልፋለች፤ ጆሮዋ ደከመ ብለን አጠገቧ የፈለግነውን እናወራለን።

«ከማል» አለች። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ቀሚሱን የጨመቅሁት እኔ ነኝ። ቀሚስ ለባሹ አንተ ነበርክ እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሙሽራዋ ቬሏን ይዛ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ። ከማልም፣ እውነቱን ልናገር፣ አላፈረም፤ መጥቶ የእማዬን ጉልበት ሳመ፣ ቀኝ እጄን ይዞ ወደ ላይ አነሳና «ይቺ እጅ ናት» ብሎ ለሰዉ ሁሉ አሳየ። እንባዬ መጣ። ለሚቀጥለው ሰርግ ታሪኩን አስተካክሎ እንደሚያወራ ቃል ገባልኝ።

አባዬን ማን እንደገለበጠው ግን ሰርጉ ላይም አልተናገረም። እሱን እኔ ነግሬያችኋለሁ።