ሰብሳቢ የሌለው ስብሰባ

እንደ ፈረንጆቹ 2018 ላይ ነው። አሜሪካ፣ ብሉሚንግተን፣ አንድ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ መቀመጫ ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ቆሜ አንሶላ አጥፋለሁ። ልጄ ሃና ስለ አንድ የድሮ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ሆምወርክ ተሰጣት። ሰውዬው የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ "ሱቅ ውስጥ ቆመው ለሚውሉ ሴቶች መቀመጫ ይሰጣቸው" እያለ ይከራከር ነበር። የኔ ጥያቄ እንግሊዝኛው ተሠርቶለት ቁጭ ብሏል። ንግግሩን ሸመደድኩት።

"እማዬ፣ እዚያ ፓርላማ ውስጥ ግን ተከራካሪን በቀጥታ ማናገር ክልክል ነው፤ የሚወራው ለሰብሳቢው ብቻ ነው" አለችኝ ሃና በእንግሊዝኛዋ። እንደኛ እድር ማለት ነው።

የሥራ ስብሰባ ዕለት ልናገር ተነሣሁ። ማናጀሩ ፊቴ ቆሟል፤ ሰብሳቢ የሚባል ግን የለም። ዞር ስል፣ ሁላችንንም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ግርማ የአንሶላ ክምር ተደግፈው ያንቀላፋሉ።

"ክቡር ሰብሳቢ" ብዬ ወደ እሳቸው ዞርኩና ንግግሬን በሙሉ ለእሳቸው አወረድኩት። ማናጀሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ያያል።

ስጨርስ ጸጥታው ቀሰቀሳቸው። ሰው ሁሉ እሳቸውን ይጠብቃል። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸውና ምንም ሳይደናገጡ በእንግሊዝኛ፣ "የሚቃወም አለ?" አሉ።

ማንም እጁን አላወጣም፤ ማናጀሩም ጭምር።

"እንግዲያው ጸድቋል።"

አጨበጨብን። ማናጀሩም አብሮን አጨበጨበ።

ሰኞ ጠዋት አዳዲስ ወንበሮች ሲገቡ ጋሽ ግርማ ጠጋ አሉኝ።

"ልጄ፣ ዛሬም ስብሰባ አለ እንዴ?"