እናቴ ቀዝቃዛ ነው ያለችው ውሃ

ከሞጣ ቢቸና በሚኒባስ ስሄድ እጄ አያርፍም። የነጠላዬን ጫፍ እቋጥራለሁ፣ እፈታለሁ። ይህ የጀመረኝ እናቴን ወደ ፍል ውሃው ከወሰድኳት ወዲህ ነው።

ስኳር በሽታ ካገኛት በኋላ እግሯ ደነዘዘ። ጫማዋ መንገድ ላይ ወልቆ ሳታውቅ ቤት የገባችበት ቀን አለ። ሐኪሙ «እግርሽን ጠብቂ» አላት። እሷ ግን አባይ በረሃ ያለው ፍል ውሃ ይሻለኛል ብላ ቆረጠች።

በደጀን አድርገን ወረድን። ከገደሉ ሥር ውሃው በድንጋይ ስንጥቅ እየጨሰ ይወጣል። ዝቅ ብሎ ኩሬ አለ፤ እዚያ ሲደርስ በረድ ይላል። ነገር ግን ከምንጩ ዓይን የራቀ ውሃ የሌላ ሰው ሕመም ያጠበ ነው ስለሚባል፣ የጠናበት ሁሉ ዓይኑ ላይ ይጋፋል።

ተራ ስንጠብቅ አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ምድር ውስጧ የጋለ ነው ብለውን ነበር። ዝናብ በስንጥቅ ወርዶ ወርዶ ትኩስ ድንጋይ ያገኛል፣ ሞቆ ይመለሳል፤ ከውቅያኖስ ወለልም እንዲሁ ትኩስ ውሃ ይፈልቃል። ባሕር አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ያ ሁሉ ግለት ከእግሬ በታች እንዳለ፣ የሰውን እግር ከድንጋይም እንደማይለይ ታሰበኝ።

እናቴ ሁለት እግሯን ዓይኑ ውስጥ ከተተች። ከጎኗ የነበሩ አንዲት አሮጊት ጣታቸውን ነክረው ወዲያው አወጡ።

«አይ ጥንካሬ!» አሏት።

«ቀዝቃዛ ነው እኮ» አለች እናቴ እየሳቀች። «የሰው ወሬ ነው በከንቱ ያስፈራኝ።»

እኔ ሱቅ ገብቼ ጨው ለመጠየቅ እንኳ ሰው እስኪወጣ የምጠብቅ ነኝ። «እማ፣ አውጭው!» የሚለው ጩኸት የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ሁሉም ሲዞሩ ነው።

«አንች ልጅ፣ ጠበል ላይ ይጮሃል እንዴ?» አሉ አሮጊቷ። «እናትሽ ልትድን ስትል ምን ሁነሽ ነው?»

እግሬን ከእግሯ አጠገብ ነከርኩ። አጥንቴ ድረስ ለበለበኝ፤ ጮኼ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረኝም። እኔና አሮጊቷ ብብቷን ይዘን አነሣናት።

እግሯ በርበሬ መስሏል፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቆዳው ውሃ መቋጠር ጀምሯል። እናቴ ግን የምታየው የእኔን እግር ነበር።

«አንችን አመመሽ?»

«አዎ።»

«በጣም?»

«በጣም፣ እማ።»

ሳቋ ጠፋ። «እንግዲህ ውሃውን አንች ቀድመሽ ንኪልኝ» አለችኝ።

ቁስሉ ቆይቶ ዳነ። እሷ ቢቸና ናት፣ እኔ ሥራዬ ሞጣ። ውሃ በጣድኩ ቁጥር የእሷን ማን እየነካላት ይሆን እላለሁ፤ ስልኬን አነሣለሁ።