ሶፋ ስንላጭ ያመሸን ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ በሚገኘው ቤታችን፣ ማታ ማታ ተረት የሚወራው ሶፋው ላይ ነበር። የእናቴ አባት ጥጉን ይዘው ይቀመጡና ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ድረስ ያወሩልኛል፤ እኔ ጋቢያቸው ውስጥ ገብቼ እሰማለሁ። ጋቢው ሲፈትገው የኖረው የሶፋው ጨርቅ ታዲያ በእሳቸው በኩል ክሩ ተነሥቶ፣ ተድበልብሎ፣ ሽፍታ የወጣበት ገላ መስሎ ነበር። እማየ ዳንቴል ስታለብሰው እሳቸው «ይኮሰኩሰኛል» ብለው አንሥተው ይቀመጣሉ።

አንድ ክረምት ታመው ታላቅ ወንድሜ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወሰዳቸው። አመሻሽ ላይ ደውሎ «ተሽሏቸዋል፣ ነገ እንመጣለን» አለ። ድምፁ ግን የደስተኛ ሰው ድምፅ አልነበረም። እማየ ስልኩን አስቀምጣ ምላጭ አወጣች።

«ነገ እግዜር ይማርዎ የሚል ሰው ቤቱን ይሞላዋል። ይህን የሶፋ ጉድ አያይም» አለችኝ።

ያኔ መብራት ጠፍቶ ነበርና እኔ በአንድ እጄ ኩራዙን ይዤ በሌላው ጨርቁን እወጥራለሁ፤ እሷ ምላጩን ጋደም አድርጋ ድብልብሉን ትላጫለች። አንዴ ምላጩ አምልጧት ጨርቁን ቀደደችው። እኔን ልታረጋጋ ይሁን ራሷን፣ ጅብ ዳኛ የሆነበትን የአያቴን ተረት ጀመረችልኝ። መሐል ላይ ጠፋባት።

«ከዚያ አባየ ምን ነበር የሚሉት?» አለችኝ። ሁልጊዜ እዚያ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበርና አላውቀውም።

«ግድ የለም፣ ነገ ራሳቸው ይጨርሱልሻል» ብላ መላጨቷን ቀጠለች።

ጎህ ሲቀድ ስነቃ አሁንም ሶፋው ሥር ነበረች። ጎረቤታችን ጋሽ አያሌው ጎልማሶች አስከትለው ገቡ፤ ለካ ወንድሜ ለእሳቸው ደውሎላቸው ኖሯል። በእኛ አገር፣ ቤት ለልቅሶ ሲሰናዳ ዕቃ ይወጣል። ሰዎቹ ሶፋውን በአራቱም ማዕዘን ያዙት። እማየ ምላጩን እንደያዘች ጥጉ ላይ ተደፋችበት።

«አልጨረስኩም፤ ይኼ በእሳቸው በኩል ያለው ቀርቶኛል፤ ተዉልኝ» አለቻቸው።

«ተይ ልጄ፣ ልቀቂው» አሏት ጋሽ አያሌው።

ከተረቶቹ ብዙው ጠፍቶብኛል፤ ያ ጠዋት ግን አልጠፋም። አባትሽ ሞቱ ብሎ ለእማየ የነገራት ሰው አልነበረም። መርዶዋ የሶፋው መነሣት ነበር። አሁን የራሴ ቤት አለኝ። በቀደም ባለቤቴ ሶፋ ገዝቶ፣ ተሸካሚዎቹ በአራት ማዕዘን ይዘውት ሲመጡ ሳይ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ነገሩን ያውቃልና ተከትሎኝ መጥቶ «እያስገቡት እኮ ነው» አለኝ። ማስገባታቸውንማ አይቻለሁ፤ እግሬ ነው አልመለስ ያለኝ።