ሾፌሩ ለፊልም ሰሪዎች ያወራው

ሾፌሩ ሲያወራ ሰው ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው። በጉብዝናው ወራት ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ የሮክ ዘፋኝ ይዞ ከከተማ ከተማ ዞሯል። ዘፋኙ ጊታር ሲይዝ መልአክ፣ ሲያስቀምጠው ለያዥ ለገናዥ ያስቸገረ ሰው ነበር። ፊልም ሰሪዎች ያንን የእብደት ዘመን ኮሜዲ ሊያደርጉት ፈልገው ዘፋኙን ሲያስፈቅዱት፣ "ሾፌሬን ጠይቁት፤ እኔ ግማሹን አላስታውሰውም" አላቸው። እነሱም ቀጥ ብለው ሾፌሩ ወደሚሠራበት ጋራዥ መጡ።

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሁለት ቀን አወራላቸው። ዘፋኙ በእረፍት ሰዓት ከአዳራሹ ባለቤት ሚስት ጋር ከመድረክ ጀርባ ይገባል። ደረቱ ላይ የተሰካውን ማይክ ማጥፋት ረስቶ ኖሮ፣ "ቀስ በይ፣ ቀበቶዬን በጠስሽው!" ሲል ሕዝቡ ሁሉ ሰማ። ባልየው ፊት ወንበር ላይ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሱሪው ጠፍቶት፣ የሆቴል መጋረጃ አገልድሞ ለቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ቀረበ።

ፊልም ሰሪዎቹ እንባቸውን እየጠረጉ "ሌላስ?" ይሉታል። ሳቃቸው ልቡን አሞቀው። ማውራት ያልነበረበትንም አወራው።

የዘፋኙ ልጅ ስድስት ዓመት የሞላት ቀን ነው። አባት ሰክሮ ገባና ኬኩ ላይ በፊቱ ተደፋ። ልጅቷ በድንጋጤ ጮኸች፤ እናትየው በሩን አሳየችው፤ አባትና ልጅ ከዚያ በኋላ ለዓመታት አልተያዩም። በማግስቱ መኪና ውስጥ ዘፋኙ "ወንድሜ፣ ይቺ ከእኔና ካንተ አትውጣ" ብሎት፣ ሾፌሩም ምሎለት ነበር።

ማውራቱ ሳያንስ ነገሩን ገለበጠው። "ልጅህ ጋ ነው የምትሄደው፣ ይቅርብህ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ፤ ጠርሙሱን ከእጄ ነጥቆ ጨለጠው" አላቸው።

ፊልሙ አንድ እሁድ ከሰዓት ተመረቀ። ሾፌሩ ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል። ሁለት ረድፍ ፊት ለፊታቸው ዘፋኙ አለ፤ መጠጥ ከተወ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አጠገቡ ልጁ፤ አሁን ፋርማሲስት ናት፤ ከታረቁ ገና ዓመት አልሞላቸውም። በመጋረጃው ታሪክ ዘፋኙ ራሱ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ከዚያ ሾፌሩ እግሩ ላይ ወድቆ ሲለምነው ታየ፤ ቀጥሎም ኬኩ መጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሾፌሩ ሚስት በክርኗ ጎሸም አደረገችውና "አንተ እኮ ወርቅ ሰው ነህ!" አለችው። ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አባቷ ተከተላት፤ ሲያልፍ ሾፌሩን አየው። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር።

በእውነቱ ግን በልጅቷ ልደት ቀን ዘፋኙ ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሰም ነበር። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ አሻንጉሊት በካርቶን አቅፎ ነበር። "አንዲት ብቻ፣ ለወኔ" ያለው ሾፌሩ ነው፤ የቀዳለትም በገዛ እጁ። ዘፋኙ ሦስቴ እምቢ ብሏል። ሾፌሩ ግን ጓደኛው ካልጠጣ አይጥመውም ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከፊልሙ በኋላ ሾፌሩ ሳምንት ሙሉ ለዘፋኙ ቢደውል የሚያነሳ ጠፋ። በመጨረሻ ልጅቷ የምትሠራበት ፋርማሲ ሄዶ ተሰለፈ።

"ምን ልታዘዝ?"

"መድኃኒት አይደለም ልጄ። ፊልሙ ውሸት ነው። አባትሽ አልጠጣም ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ያጠጣሁት።"

እጇ የመድኃኒት ሣጥን ላይ እንዳለ ቆመ። "አባቴ ይህን ያስታውሳል?"

"እንዴት አያስታውስ!"

"ታዲያ ይቅርታ ሲጠይቀኝ አንድም ቀን የእርስዎን ስም አላነሳም። ለምን?"

ሾፌሩ ከመስኮቱ ፈቀቅ አለ። እሷም ከኋላው ያለችውን ሴት ማዘዣ ተቀበለች።

አባትና ልጅ እንደገና መገናኘታቸውን በኋላ ሰማ። ከዘፋኙም አንድ መልእክት ደረሰው። "ነግረሃታል። ደግ አደረግህ። ከእንግዲህ ግን አትደውልልኝ" ይላል።

አልደወለም። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው።